ሲልቨር ላይኒንግ ክፍል 5፦ አሁንም የምትጠብቁ አላችሁ?

የጂሬን ልጅ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም የጂማ ጌመሮች፣ ከሌላ ከተማም ያላችሁ። ርዕሱን አይታችሁ «ይሄ ሰውዬ ደግሞ ጀመረው» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ችግር የለም። ባለፈው ፈረንጅ አራዳ ቁጭ ብለን አንድ የካምፓስ ልጅ «አራቱን ክፍል ጨረስኩ፣ አምስተኛውን ከየት ነው የማወርደው?» ሲለኝ መልስ አጣሁ። እስቲ እዚህ እንነጋገርበት።

ለማታውቁት ባጭሩ። ሲልቨር ላይኒንግ አድናቂዎች የሠሩት የኪንግስ ክዌስት ተከታይ ጌም ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው። ኪንግስ ክዌስት ሲየራ የሚባለው ኩባንያ ጌም ነው። በ1984 ጀምሮ እስከ 1998 ስምንት ክፍል ወጣለትና ቆመ። አድናቂው ግን አልቆመም። ፊኒክስ ኦንላይን የሚባል ስብስብ «ቀጣዩን እኛ እንሠራዋለን» ብሎ ተነሳ። ደመወዝ የለ፣ ቢሮ የለ፣ በትርፍ ጊዜ ነው። በ2005 የባለመብቱ የቪቬንዲ ጠበቆች «አቁሙ» የሚል ደብዳቤ ላኩ። አድናቂው ተንጫጫ። የተቃውሞ ደብዳቤ ጎረፈ። ዓመቱ ሳያልቅ ኩባንያው ለስለስ አለ፦ ሥሩት፣ ግን ኪንግስ ክዌስት የሚለውን ስም አውጡ፣ እንዳትሸጡት። ሲልቨር ላይኒንግ ብቻ ሆኖ የቀረው ለዚህ ነው።

በ2010 መጀመሪያ መብቱ ወደ አክቲቪዥን ዞሮ ነበርና ሁለተኛ «አቁሙ» መጣ። እንደገና ጩኸት፣ እንደገና ፈቃድ። ጁላይ 2010 ላይ ክፍል 1 ወጣ። ክፍል 2 በዚያው ዓመት፣ 3 እና 4 በ2011። በነፃ። ክፍል 5፣ ማለትም መጨረሻው፣ እስከ ዛሬ የለም።

ታሪኩን ታስታውሳላችሁ። በሮዜላ ሠርግ ላይ ኮፍያ የደፋ ሰው ይመጣና እሷና ወንድሟ አሌክሳንደር ላይ ይደግምባቸዋል። ሁለቱም ራሳቸውን ስተው ይወድቃሉ። ሽማግሌው አባታቸው ንጉሥ ግርሃም መድኃኒት ፍለጋ በአረንጓዴዎቹ ደሴቶች ይዞራል። አራት ክፍል ሙሉ አብረነው ዞርን። ከዚያ ጭጭ።

የእኔ ሐሳብ ይሄ ነው። ብዙ በቆየ ቁጥር የምንጠብቀው ማነስ ነበረበት። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ሰው «ይህን ያህል ከቆየ መቼም ጉድ ነው የሚሆነው» ይላል። እኔ ጉድ አልፈልግም። ግራፊክስ ይቅርብኝ። ድምፅ ይቅርብኝ። ታሪኩ እንዴት እንደሚያልቅ ይንገሩኝ። በ20 ገጽ ጽፈው ቢለቁት እጄን ዘርግቼ እቀበላለሁ። እናንተስ?

ረጋ በሉ

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፣ ወንድሜ። ብላክ ሜሳን አስታውስ። የ1998ቱን ሃፍ ላይፍ አድናቂዎች እንደገና ሠሩት። ሰው ለዓመታት ሲያሾፍባቸው ኖሮ በ2012 ወጣ። እሱም ሙሉ አልነበረም፤ ዜን የሚባለው የመጨረሻው ዓለም ጎድሎ ነበር። ዜን ተጨምሮ ሙሉው ጌም የወጣው በ2020 ነው። ኦሪጅናሉ ላይ ሰው የሚጠላው ክፍል ዜን ነበር። እነዚህ ልጆች ከሁሉም የሚያምር ቦታ አደረጉት። ያኔ «በ20 ገጽ ጻፉልን» ብንላቸው ኖሮ? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ሶኬት

እንቁላሉማ እግር አወጣ፣ ዶሮ ሆነ፣ ለፋሲካ ታረደ። እኛ ግን አሁንም እየጠበቅን ነው 😂

ሄርማታ

ሶኬት ገደልከኝ።

እኔ ግን ልናገር፣ አቦ አትቆጡኝ። እነዚህ ሰዎች እኮ ሥራ አላቆሙም። በ2012 ኮግኒሽን የሚል የራሳቸውን ጌም ማውጣት ጀመሩ። የሚሸጥ ነው። ኪክስታርተር ላይ ገንዘብ ሰብስበው ነው የሠሩት። የኛው ክፍል 5 ከኋላ ቀረ። የነፃው ጌም አድናቂ ስማቸውን አስጠራላቸው፣ ስም ካገኙ በኋላ ወደ ገንዘቡ ሄዱ። እንደዛ ነው የሚሰማኝ። «ሥራ በዝቶብን ነው» ከሚሉኝ «ትተነዋል» ቢሉኝ ይሻለኛል። ላም አለኝ በሰማይ ሆኗል እኮ።

የዲስኬት ዘመን

ልጆች፣ ትንሽ ልበል።

እኔ ስድስተኛውን ኪንግስ ክዌስት የተጫወትኩት በሥራ ቦታ ኮምፒውተር ነው። አለቃችን ምሳ ሲወጣ። መዝገበ ቃላት ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ። ስለዚህ መጠበቅ ምን እንደሆነ ይገባኛል፤ የአለቃችን ምሳ አጭር ነበር።

አንድ የረሳችሁት ነገር አለ። ክፍል 1 ሲወጣ ምን እንደተባለ። ያ ሁሉ ዓመት ተጠብቆ፣ ሁለት ጊዜ ከጠበቃ አፍ ተርፎ መጣ። ሰው ከፈተው። አብዛኛው የሚታይ እንጂ የሚጫወቱት አልነበረም። ሠርጉን ታያለህ፣ ድግምቱን ታያለህ፣ ትንሽ ትዞራለህ፣ አለቀ። «ለዚህ ነው እንዴ?» ያለው ብዙ ነው። ለብቻው ብታየው መጥፎ አልነበረም። መግቢያ ነው፣ መግቢያ አጭር ይሆናል። ግን የዓመታት ጥበቃ መግቢያ ላይ ሲራገፍበት ምን ይሁን? ክፍል 2 ሲመጣ ነው ዋናው ጨዋታ የጀመረው። ያኔ ግማሹ ሰው ሄዷል።

አሁን ክፍል 5 ነገ ቢወጣ ያው ነው። ማንንም አያስደስትም። ሄርማታ በተለይ አንተን አያስደስትህም 🙂

ሄርማታ

ጋሼ፣ እርስዎን አክብሬ ነው እንጂ መልስ ነበረኝ 😅 እሺ እውነት ነው፣ አያስደስተኝም። ግን እንዳልደሰት ዕድሉን ይስጡኝ!

ኮድ አብሳይ

ቆይ፣ ከሠሪው ወገን የሆነ ሰው ይናገር። ረጅም ነው፣ ቡናችሁን ያዙ።

እኔ ትንሽ አድቬንቸር ጌም፣ ማለትም ታሪክ እየተከተልክ እንቆቅልሽ የምትፈታበት ጌም፣ እየሠራሁ ነው። አድቬንቸር ጌም ስቱዲዮ በሚባለው፣ ክሪስ ጆንስ በ1997 መልቀቅ በጀመረው ነፃ ሶፍትዌር። የመጀመሪያው ኪንግስ ክዌስት በአድናቂዎች እጅ እንደገና ተሠርቶ በ2001 የወጣውም በዚሁ ነው። የእኔ ታሪክ የሚጀምረው እዚሁ ጂሬን ነው፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ሰገነት ላይ።

አንድ ሰው ስክሪን ላይ እንዲራመድ በአንድ አቅጣጫ 8 ሥዕል በሉ። ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ግራ፣ ቀኝ። 32 ሥዕል ሆነ። ይሄ መራመድ ብቻ ነው። ማጎንበስ ሌላ፣ ዕቃ ማንሳት ሌላ፣ በር መግፋት ሌላ። ልብስ ከቀየረ ሁሉም እንደገና ይሳላል።

ሥዕሉ እንኳ ቀላሉ ነው። ጽሑፉ ነው የሚገድለው። ተጫዋቹ 15 ዕቃ ይዟል እንበል። ክፍሉ ውስጥ 20 የሚነካ ነገር አለ። «ይህን በዚያ ላይ ብጠቀም?» የሚለው ጥያቄ 300 ጊዜ ሊመጣ ነው። ለአንድ ክፍል። ሁሉም ላይ «አይሆንም» ካልከው ተጫዋቹ ይቀየምሃል። ቀልድ ይፈልጋል። ፍንጭ ይፈልጋል። በእኔ ጌም ባለታሪኩ በርጩማና የማር እንስራ ይይዛል። በርጩማውን ማር ውስጥ የሚነክር ሰው አይጠፋም። ወላሂ አይጠፋም። ታናሽ ወንድሜን ቁጭ ባደርገው መጀመሪያ የሞከረው እሱን ነው። መልስ አልጻፍኩለትም ነበርና ጌሙ ዝም አለው። «ተበላሽቷል» ብሎ ተነሳ።

ሲልቨር ላይኒንግ ደግሞ ባለ 3ዲ ነው። ነገሩን ሁሉ ተራኪዋ በድምፅ ነው የምትነግርህ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ከተቀየረች ቀረጻ ነው። እንደዚህ ዓይነት ሥራ ላይ ሠዓሊው አንድ ሀገር፣ ድምፁ ሌላ ሀገር፣ ኮዱ ሌላ ሀገር ነው። ሁሉም የቀን እንጀራ አለው። አንዱ ሲወልድ፣ አንዱ ሥራ ሲቀይር፣ የሱ ክፍል ባለበት ይቆማል። ገንዘብ ቢኖርማ ይታያል። ኦፊሴላዊው አዲሱ ኪንግስ ክዌስት በ2015 ጀምሮ አምስቱንም ምዕራፍ እስከ 2016 ጨረሰ። ያ ደመወዝ የሚከፈለው ስቱዲዮ ነው።

አሁን ወደ ክሩ ጉዳይ። የሰገነቱን እንጨት ቅርጽ ብቻ ስዬ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፍኩት። ያንን ፍልፍል ጌጥ፣ እዚያ የሄደ ሁሉ የሚያውቀውን። በሩ አልተሳለም። ጣሪያው አልተሳለም። ባለታሪኩ ገና እግር የለውም። በማግስቱ «መቼ ነው የሚለቀቀው?» ተጀመረ። ከዚያ «ሞባይል ላይ ይሠራል?»። ከዚያ «ስንት ሰዓት ይፈጃል?»። አንዷ «በኦሮምኛም ይኑረው» አለች፤ ይሄ እንኳ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ ይኖረዋል። ሰው ከአንድ የእንጨት ጌጥ ተነስቶ ሙሉ ቤተ መንግሥት በጭንቅላቱ ሠርቶ ጨርሷል። እኔ ከዚያ ቤተ መንግሥት ጋር እንዴት ነው የምወዳደረው? ከዚያ ወዲህ ሥዕል አልለጥፍም።

ስለዚህ ሄርማታ፣ «ወደ ገንዘቡ ሄዱ» ስትል ቅር ይለኛል። ሰው የቤት ኪራይ አለበት።

ሶኬት

በርጩማውን ማር ውስጥ ስነክረው ምን ይላል? ዋናው ጥያቄ እሱ ነው።

ኮድ አብሳይ

«ይሄ የጂማ በርጩማ ነው፣ አክብረው» ይላል። አሁን ጽፌዋለሁ።

ዝምተኛዋ

ይህን ክር ሳነብ ቆየሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ አልጽፍም። የጂሬን ልጅ በሐሳብህ ግማሽ እስማማለሁ። የማልስማማበትን ልናገር።

«መጨረሻውን ጽፈው ይስጡኝ» ስትል አድቬንቸር ጌምን እንደ ፊልም ነው ያየኸው። ጋሼ የጠቀሱትን ስድስተኛውን ውሰድ። አሌክሳንደር ወደ ሙታን ምድር ይወርዳል። የሙታኑ ጌታ ዙፋኑ ላይ ተቀምጧል። ያ ፍጡር አልቅሶ አያውቅም። ፈተናው እሱን ማስለቀስ ነው። ተጫዋቹ ቦርሳውን ይከፍታል። ያለውን ዕቃ ሁሉ በዓይኑ ይዞራል። ምንም የሚያስለቅስ ነገር የለውም። ከዚያ መስታወቱን ያወጣል። ያ ጌታ ራሱን ያያል። ያደረገውን ሁሉ ያያል። አንዲት እንባ ትወርዳለች።

እኔ እዚያ ጋ ስደርስ መብራት ጠፋ። ሴቭ አላደረግኩም። በነጋታው እንደገና ከብዙ ኋላ ጀመርኩ፣ እዚያው ደረስኩ፣ መልሱን እያወቅኩ መስታወቱን ሳወጣ እንኳ እጄ ቀዘቀዘ። ይህን በገጽ 14 ላይ ባነበው «እሺ» ብዬ ነው የማልፈው።

ደግሞ ስድስተኛው መጨረሻው አንድ አይደለም። አጭር መንገድ አለ፣ ረጅም መንገድ አለ። በአጭሩ ከሄድክ የአሌክሳንደር ሙሽራ የካሲማ ወላጆች ሞተው ይቀራሉ። በረጅሙ ከሄድክ ከሙታን ምድር ትመልሳቸዋለህ፣ ሠርጉ ላይ ይገኛሉ። የትኛው ሠርግ እንደሚደርስህ በአንተ ሥራ ነው። የዚህን ጌም ተከታይ የሚጠብቅ ሰው ምን እንደሚጠብቅ አየህ? የራሱን መጨረሻ ነው የሚጠብቀው። 20 ገጽ የሁሉንም ሰው አንድ ያደርገዋል።

የምስማማበት ግን ይሄ ነው። ጌም አላበደሩንም፣ ጌም አንጠይቃቸውም። ወሬ ግን መጠየቅ እንችላለን። «እየሠራን ነው»፣ «ቆሟል»፣ «ተውነው»፣ ከሦስቱ አንዷን። አድናቂው ሁለቴ ጮኾ ከጠበቃ ያስጣለው ጌም ነው። ይሄ ውለታ ክፍል 5ን አይገዛም። አንድ አንቀጽ ዜና ግን ይገዛል።

ረጋ በሉ

እህቴ በደንብ ተናገርሽ። ግን ወሬውንም ሰው አላግባብ ይጠቀምበታል። ሮን ጊልበርት በ2022 አዲሱን መንኪ አይላንድ ሲያስተዋውቅ ምን አደረጉት? ከመጀመሪያው ጌም 32 ዓመት ተቆጥሯል። የሥዕሉን ስልት አይተው ሰደቡት። ጌሙ ገና አልወጣም! ሰውዬው ብሎጉ ላይ አስተያየት ዘጋና ስለ ጌሙ መጻፍ አቆመ። እሱ ደመወዝተኛ፣ ስሙ የታወቀ፣ የጌሙ ፈጣሪ ነው። በነፃ የሚሠሩት ልጆችማ ለምን አፋቸውን ይከፍታሉ?

ዝምተኛዋ

እሱን የሰደቡት ሥዕል ስላሳየ ነው እንጂ ዜና ስለነገረ አይደለም። ኮድ አብሳይም ያለው ያንኑ ነው። ሥዕል አታሳዩን። ያላችሁበትን ንገሩን።

ሄርማታ

👆 እዚህ ላይ ፈርሜያለሁ።

የጂሬን ልጅ

ዝምተኛዋ፣ መስታወቱን ስታነሺ አሸነፍሽኝ ማለት ነው? ወላ! አሁንም 20 ገጼን እፈልጋለሁ። ምክንያቱን ልንገርሽ። ሰው ያረጃል፣ ላፕቶፕ ያረጃል፣ ዊንዶውስ ይቀየራል። ጌም ሳይሆን ሲቀር ስክሪፕቱ ቢቀር ይሻላል። የአንቺን የራስ መጨረሻም አይነካም። ሁለቱንም መጨረሻ ይጻፉ፣ አጭሩንም ረጅሙንም። ከዚያ ሌላ ቡድን ከፈለገ ይሥራው። ኮድ አብሳይ፣ አንተ ለምን አትሠራውም?

ኮድ አብሳይ

እኔ? ባለታሪኬ ገና እግር የለውም አልኩህ እኮ።

ከቀልዱ ውጪ ግን አይሆንም። ፈቃዱ የተሰጠው ለዚያ ቡድን ነው። ሌላ ሰው ስክሪፕቱን ይዞ ቢነሳ ሦስተኛው «አቁሙ» ደብዳቤ ይመጣል። ጂማ ድረስ ባይመጣም ሆስት የሚያደርግልኝን ሳይት ያዘጋዋል። የራስን ታሪክ የመሥራት ጥቅሙ እሱ ነው። ከአባ ጅፋር ጠበቃ አይመጣብኝም።

የዲስኬት ዘመን

ከአባ ጅፋር የልጅ ልጆች ግን ሊመጣብህ ይችላል፣ በርጩማውን ማር ውስጥ ከነከርክ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ስለ መጨረስ። ሌላውን የሲየራ ጌም፣ ኩዌስት ፎር ግሎሪ 2ን፣ ኤጂዲ ኢንተራክቲቭ የሚባሉ አድናቂዎች እንደገና ሠርተውታል። ኦሪጅናሉ የ1990 ነው፣ በኪቦርድ ትእዛዝ እየጻፍክ የምትጫወተው። እነሱ በማውስ አደረጉት፣ ሥዕሉን አዲስ አደረጉት፣ በ2008 በነፃ ለቀቁት። እሱም ተጠብቆ ተጠብቆ ነው የመጣው። ሲወጣ ግን እንደ ክፍል 1 አልተወቀሰም። ለምን ይመስላችኋል? እኔ የሚመስለኝ፣ ታሪኩን ሁሉም ያውቀዋል። መጨረሻው በ1990 ተነግሯል። የሚጠበቀው ያማረ ሥራ ብቻ ነበር፣ ያ ደግሞ መጣ። ሲልቨር ላይኒንግ ግን ማንም የማያውቀው ታሪክ ነው። ሁሉም በልቡ አንዳንድ መጨረሻ ጽፏል። ከዚያ ሁሉ መጨረሻ ጋር ነው የሚጋጠመው።

ሶኬት

ጋሼ ይህን ካሉ እኔ መጨረሻዬን ልጻፍ፦ ኮፍያ የደፋው ሰውዬ የክፍል 5 ፕሮዲዩሰር ነው።

አወያይ

ሶኬት፣ ቀልዱ ጥሩ ነው፣ ግን ስለ መጨረሻው መላ ምት ለመጻፍ ሌላ ክር አለ። ሄርማታ፣ ከላይ የሰረዝኩልህን አስተያየት ለምን እንደሰረዝኩ ታውቃለህ። ስለ ሠሪዎቹ የግል ሕይወት አንጽፍም። ክሩ ክፍት ነው።

ሄርማታ

እሺ አወያይ፣ ገብቶኛል።

ካምፓስ 3ኛ ዓመት

ሰላም፣ የፈረንጅ አራዳው ልጅ እኔ ነኝ 🙋 ሙሉውን አነበብኩት። ስለዚህ አምስተኛው የለም ማለት ነው? እኔ ሊንኩ የተሰበረ መስሎኝ ስንት ሳይት ፈለግኩ። ፓኬጄን ጨረስኩ እኮ።

አንድ ጥያቄ ብቻ። ስድስተኛውን አልተጫወትኩም። በቀጥታ ሲልቨር ላይኒንግ ነው የጀመርኩት። ከዝምተኛዋ ጽሑፍ ሳየው ዋናው ነገር ያመለጠኝ ይመስላል።

ዝምተኛዋ

አምልጦሃል። አረንጓዴዎቹ ደሴቶች የስድስተኛው ደሴቶች ናቸው። ካሲማም፣ የሙታን ምድርም ከዚያ ነው የመጡት። ሲልቨር ላይኒንግ ውስጥ ሰዎቹ ግርሃምን «ልጅህ አሌክሳንደር» ሲሉት ለምን እንደሚያከብሩት ስድስተኛውን ሳትጫወት አይገባህም። ይቅርታ፣ መስታወቱን አበላሸሁብህ።

ካምፓስ 3ኛ ዓመት

መስታወቱን ረስቼዋለሁ። አላነበብኩም። ከየት አገኘዋለሁ?

ረጋ በሉ

ጂኦጂ (GOG) የሚባለው የጌም መሸጫ ሳይት ላይ ከአራተኛውና ከአምስተኛው ጋር አንድ ላይ ይሸጣል። ዋጋ ሲቀንስ ጠብቅ። አሮጌ ላፕቶፕ ላይም ይሠራል። ለኪንግስ ክዌስት ሰው መጠበቅ መቼም ተምረናል።

የጂሬን ልጅ

በረጅሙ መንገድ ጨርስ እሺ? በአጭሩ ከጨረስክ አናወራህም።

ካምፓስ 3ኛ ዓመት

ረጅሙ የትኛው እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

የዲስኬት ዘመን

አታውቅም። ሴቭ እያደረግክ ሂድ፣ መብራትም አለ።